ኻሊዳ የገዛችው የዐረፋ ሳምንት

ኻሊዳ ጨርቅ ስትሸጥ አንድ ልማድ አላት። ገዢዋ ቀለሙን ወዳ፣ በዋጋው ተከራክራ፣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ኻሊዳ "ቆይማ" ትላታለች። አጠገቧ ካለው የውኃ ጆግ ጣቷን ነክራ የጨርቁን ጠርዝ ታረጥብና በነጭ መሐረብ ታሸዋለች። መሐረቡ ቀለም ከያዘ ጨርቁን አጣጥፋ ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች። "ይሄ ላንቺ አይሆንም። መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ይወስደዋል።" በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ነጋዴ የለም። ጎረቤቶቿ "ይቺ ሴት ከገዛ ኪሷ ጋር ነው የምትጣላው" ይሏታል። ደንበኛ ግን ከከተማው ዳር ከአምቡሊ ተነስቶ፣ ስንት የጨርቅ ሱቅ አልፎ እሷ ዘንድ ይመጣል።

እንግዲህ ጠርዙን ሳታረጥብ የገዛችው ይህቺው ኻሊዳ ናት። የሚያናድደውም ይህ ነው።

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሐረሪ ነጋዴ ልጅ ናት። ጅቡቲ የገባችው ሙሽራ ሆና በባቡር ነው። ባሏ ጀላሉዲን በዚያው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። "ሚስቱን እንኳ ትኬቷን ሳያይ አላሳለፋትም" እያሉ ዘመዶቿ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። ባቡሩ ቆመ፤ አሮጌው ጣቢያም ጭር አለ። ጀላሉዲን ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ የኻሊዳ ሱቅ ሆነ። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው ሦስት ልጆች አሳደጉ። አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ሐርጌሳ፣ ሴቷ ድሬዳዋ ኑሮ መሠረቱ። ለዐረፋ ተሰብስበው ሲመጡ ቤቱ ስለማይበቃ አንዱ አጎቱ ዘንድ፣ አንዷ ጎረቤት ዘንድ ያድራሉ። ኻሊዳ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን በአንድ ጣራ ሥር አስተኝታ፣ በማግሥቱ በአንድ ገበታ ቁርስ ማብላት ትመኝ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበራትም። እሷም ሆነች የገበያው ሴቶች ሱቃቸውን ሳምንት ሙሉ የሚዘጉት ለዐረፋ ነው፤ ዕረፍት የምትለውም ያችኑ ሳምንት ነበር።

ረምዚ ይህን ያውቅ ነበር። የመጋላ ልጅ ነው፤ እናቱ ከኻሊዳ ታላቅ እህት ጋር ግቢ ተጋርታ ኖራለች። ዱባይ ደርሶ መጥቶ አንድ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ሆኖ ገባ። ድርጅቱ ከአርታ ከተማ ቁልቁል፣ ባሕሩ ዳር ሪዞርት ሠርቶ ቤቶቹን በሳምንት በሳምንት ቆራርጦ የሚሸጥ ነው። አንድ ቤት አምሳ ጊዜ ይሸጣል ማለት ነው። ረምዚ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኻሊዳ ሱቅ መጣና ለእናቱ ጨርቅ ገዛ። ዋጋ አልተከራከረም። ኻሊዳ ጠርዙን ስታረጥብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ አያት።

"እማ ኻሊዳ፣ ወላሂ እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም" አላት። "ሐሙስ ምሳ ልጋብዝሽ። ሆቴል ውስጥ። አባ ጀላልን ይዘሽ ነው የምትመጪው።"

"ምን ተገኘና?"

"ምንም። ትበላላችሁ፣ ታርፋላችሁ። አንቺን ማን ጋብዞሽ ያውቃል?"

እውነቱን ነበር። ማንም ጋብዟት አያውቅም።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። ውጭ ያለውን ንዳድ ሰው ይረሳዋል። ባልና ሚስት ባልና ሚስት ሆነው በየክብ ጠረጴዛው ተቀምጠዋል፤ በየጠረጴዛው አንዳንድ ሻጭ አለ። ዓሣ ቀረበ፣ ሩዝ ቀረበ፣ የማንጎ ጭማቂ ቀረበ። አንድ ሰው በፈረመ ቁጥር ጥግ ላይ ያለች ልጅ ደወል ትደውላለች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ረምዚ ስለ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቃት። ከዚያ ሹካውን አስቀመጠና፦

"እማ ኻሊዳ፣ ፀሐይ ወጥቶ ተኝተሽ የምታውቂው መቼ ነው?" አላት።

ኻሊዳ ሳቀች። ከዚያ ግን ዓመታቱን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። እሷ ራሷ ጨርቅ ሻጭ ናት፤ ገዢ ጨርቁን አንስታ ጉንጯ ላይ ካደረገችው ነገሩ እንዳለቀ ታውቃለች። ያን ቀን ጨርቁን ጉንጯ ላይ ያደረገችው እሷ ነበረች።

"ቤት ሙሉውን ምን ያደርግልሻል?" አለ ረምዚ። "ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ጨው ሊበላው? ላንቺ የሚያስፈልግሽ አንድ ሳምንት ነው። እንደ ዕቁብ ቁጠሪው። ተራሽ በየዓመቱ ይደርስሻል። ልዩነቱ ይሄኛው ዕቁብ አያልቅም፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።"

"እኛ የምንዘጋው ለዐረፋ ነው" አለች።

"ታዲያ የዐረፋን ሳምንት ውሰጂያ!" ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዘንድሮ ዐረፋ የሚውለው ሙቀቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው የሙቀት ዋጋ ነው። አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ አስቢው። ዐረፋ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። ጥቂት ዓመት ጠብቂ፣ ብርዱ ውስጥ ይገባልሻል። በሙቀት ዋጋ የብርድ ሳምንት ገዛሽ ማለት ነው። ይሄንን ፈረንጆቹ አለቆቼ አያውቁትም።"

የኻሊዳ የንግድ ደም ሞቀ። ሌላው ያላየውን ያየች መሰላት።

ጀላሉዲን ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየ ቀና አለ። "ልጄ፣ ሳምንቱ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው በፈረንጅ?"

ረምዚ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አባ ጀላል! ዐረፋ በፈረንጅ መከበር ጀመረ እንዴ?"

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ኻሊዳ ነበረች። ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። "አቦ ተወን! አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ባቡር አደረግኸው።" ጀላሉዲን ወደ ዓሣው ተመለሰ።

ከዚያ ከረባት ያሰረ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ለእሷ ሲል፣ ለዛሬ ብቻ፣ ዋጋው ላይ ቀነሰላት። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነበር። ፈረመች። ደወሉ ተደወለ። ከካርቶን የተሠራ ትልቅ ቁልፍ አስይዘው ፎቶ አነሷት።

የመጀመሪያው ዓመት ዐረፋ የተባለው ሁሉ ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ ቤቱ ነበር፣ ባሕሩም ነበር፤ የሙቀቱ ንፋስ ያን ዓመት ዘግይቶ ገና አልተነሳም። ልጆቹ ሁሉ መጡ። ኻሊዳ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ተመልሳ ተኛች፤ ስትነቃ ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ገብታለች፣ በረንዳው ላይ የልጅ ልጆቿ ይንጫጫሉ። አርብ ዕለት ረምዚ በአውቶቡስ ሰዎች ይዞ መጣ። በረንዳው ፊት አቁሟቸው "እነሆ፣ ባለቤቷ!" አላቸው። ኻሊዳ እጇን ዘርግታ "ግቡ፣ ቁርስ ብሉ" አለች። ያን ጊዜ ለእሷ እንግዶች ነበሩ። ለረምዚ ገበያተኞች ነበሩ፤ ዕቃው ደግሞ እሷው ራሷ ነበረች።

ገበያ ስትመለስ ፊቷ ያበራ ነበር። የገበያው ሴቶች ዕቁብ ዳኛ እሷ ናት። ያ ዕቁብ ወረቀት የለውም፤ ሰነዱ የኻሊዳ ቃል ነው። ሴቶቹ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ጓደኛ ላመጣ ሰው ድርጅቱ ቴርሞስ ይሸልም ነበር። ኻሊዳ ግን ቴርሞሱን አልፈለገችውም፤ የተሰጣትንም ለጎረቤት ሰጠችው። የተናገረችው ደስ ስላላት ነው። አራት ሴቶች ገዙ። አንዷ ናዒማ ናት፤ ቅመም ሻጭ፣ ምላሷ ከሚጥሚጣዋ የሚብስ። ሌላዋ ወርቅዬ ናት፤ ለወደብ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች የምትሸጥ። ወርቅዬ ክርስቲያን ብትሆንም የምታርፈው ገበያው ሲያርፍ፣ በዐረፋ ነው። የዕቁብ ተራዋ ሲደርስ ለምግቧ ፍሪጅ ልትገዛበት ነበር ያሰበችው። ከመወሰኗ በፊት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እትዬ ኻሊዳ፣ አንቺ ገዝተሻል አይደል?"

"ገዝቻለሁ። ተኝቼበታለሁ።"

"በቃ" አለች ወርቅዬ። ፍሪጁ ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የዐረፋ ዋዜማ፣ አምስቱ ሴቶች ከነቤተሰባቸው ሚኒባስ ተከራይተው ወረዱ። ከኋላ ለዕርዱ የተገዛው በግ ታስሮ ነበር። ናዒማ መንገዱን ሙሉ "ይሄ በግ ከባሌ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል" እያለች አሳቀቻቸው። ባሏ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ "በጉ ነገ የሚደርስበትን ስላላወቀ ነው" አላት።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቶላ ይባላል። ወደ የመን ሊሻገር መጥቶ ጅቡቲ የቀረ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው። የስም ወረቀቱን አየ፣ እነሱን አየ፣ በጉን አየ።

"ዒድ ሙባረክ እማማ። ዛሬ ግን ስማችሁ የለም።"

"እንዴት የለም? ሳምንታችን ነው" አለች ኻሊዳ።

"ሳምንታችሁ የሚቀጥለውን ዘለን ነው።"

ናዒማ በመስኮቱ ተንጠለጠለች። "አንተ ሰው፣ ዐረፋ ነገ ነው! በጉን አታየውም?"

"በጉን አየሁት እማማ። እኔ ምን ላድርግ? እዚህ ዐረፋ የሚባል ሳምንት የለም። ሳምንቱ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው፤ ካቻምናም አምናም ዘንድሮም ያው ነው። ዐረፋችሁ ሄደ፤ ሳምንታችሁ እዚያው ቀረ።"

ኻሊዳ ባሏን አላየችውም። ማየት አልቻለችም። ጀላሉዲንም "ብዬሽ ነበር" አላለም፤ ወርዶ ለበጉ ውኃ ሰጠው። በሩ አሻግራ ስታይ አምና የተኛችበት ቤት በረንዳ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ፎጣ እያሰጡ ነበር። ረምዚ ጋ ደወለች። ጠራ። ደግማ ደወለች፤ ጠርቶ ተዘጋ። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ወደ ከተማ ሲመለሱ በጉ መንገዱን ሙሉ ጮኸ። ወርቅዬ ዕቃዋን አቅፋ ወረደች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ዞር ብላ "ዒድ ሙባረክ፣ ሴትዮ" አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ኻሊዳን "እትዬ" ሳትል ጠርታት አታውቅም። ኻሊዳ ብዙ ስድብ ሰምታለች፤ ገበያ ነው ያረጀችው። እንደዚያ ቃል ግን ያቃጠላት የለም።

በዓሉ ሲያልፍ የድርጅቱ ቢሮ ሄደች። ረምዚ ብድግ ብሎ ተቀበላት። "እንኳን ደህና መጡ። እርስዎን ማየት ሁሌም ደስ ይለናል" አላት።

ኻሊዳ ክው አለች። የድሬ ልጅ ለእናቱም ለአያቱም "አንቺ" ነው የሚለው። "እርስዎ" ካለ ወይ ሊያሾፍ ነው ወይ ሊሸሽ ነው። ከኋላው ግድግዳው ላይ የእሷ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የካርቶን ቁልፉን ይዛ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች።

"ረምዚ፣ ጀላል ምን ብሎ ጠየቀህ? አንተስ ምን ብለህ መለስክ?"

"እማ... ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በግልጽ አለ። ፈርመዋል።"

"ስለ ፊርማዬ አልጠየቅኩህም። ስለ አፍህ ነው የምጠይቅህ። በጨረቃ ነው በፈረንጅ ሲልህ ምን አልክ?"

"እኔ የቀለድኩ መሰለኝ። ሁላችሁም ሳቃችሁ።"

ኻሊዳ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ቁጭ አለች። ባትጨብጠው እጇ የት እንደሚያርፍ አላወቀችም። እሱም ቁጭ ማለቷን እሺታ አድርጎ ወሰደው መሰለኝ፣ ወንበሩን አስጠግቶ ለሰለሰ።

"ይስሙኝ። ለእርስዎ ብቻ መፍትሔ አለ። በየዓመቱ ዐረፋ በዋለበት እናዛውርልዎታለን፤ ያለ ምንም ክፍያ። ሌሎቹን አንችልም። በምትኩ አልፎ አልፎ ሐሙስ ምሳ ላይ ብቅ ብለው ሰላም ይበሉልን። ሰው ይወድዎታል።"

"ወርቅዬስ?"

"የቷ ወርቅዬ?"

"የቷ!" ኻሊዳ ተነሳች። "ፎቶዬን አውርድ።"

"እሱንም ወረቀቱ ላይ ፈቅደዋል።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ፀሐዩ አናቷን ቢመታትም አልተሰማትም፤ ውስጧ ያለው ይብስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙንተሃ የምትባል ልጅ ሱቋ መጣች። በምሳው አዳራሽ ደወል የምትደውለዋ ነበረች፤ ከአለቆቿ ተጣልታ ለቅቃለች። ኻሊዳን ስታይ አፈረች፤ አፍራም የምታውቀውን ዘረገፈችው። አዳራሹ እንደዚያ የሚቀዘቅዘው ሰው ወደ ሙቀቱ መውጣት እንዲጠላ ነው። ባልና ሚስት አብረው የሚጠሩት ሚስት "ባሌን ልጠይቅ"፣ ባል "ሚስቴን ላማክር" ብሎ እንዳያመልጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ለአንቺ ስል" ብሎ የሚቀንሰው ዋጋ መጀመሪያውኑ የተጨመረ ነው። ደወሉ ደግሞ ማንም ባልፈረመበት ሰዓትም ይደወላል።

"እሱ እንኳ ይሁን" አለች ሙንተሃ። "የድርጅቱ ሰዎች መጀመሪያ ሲመጡ ገበያ ለገበያ እየዞሩ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቁት። 'እዚህ ገበያ ውስጥ ቃሉ የሚታመን ሰው ማነው?' ይላሉ። ያንቺ ስም ነው የተጠራው። ጨርቅ ታረጥባለች አሏቸው።"

ኻሊዳ ልጅቷን አመስግና ሸኘቻትና ሱቁን በቀን ዘጋችው። ስትሄድ ያገኛት ሰው ታማለች ብሎ አስቦ ነበር። አልታመመችም። ሕይወቷን ሙሉ ጣቷን ውኃ ውስጥ እየነከረች ያጠራቀመችውን ስም አንድ የመጋላ ልጅ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲቸበችበው እንደኖረ ገባት። ገንዘቧን ቢሰርቋት ኖሮ ሌባ ናቸው ብላ ታልፍ ነበር። የሰረቁት ግን ወርቅዬ "በቃ" ያለችበትን ነገር ነው።

አርብ የዕቁብ ሴቶች ሲሰበሰቡ ቆማ ተናገረች። "ዳኝነቱን ለሌላ ስጡ። እኔ አታልዬአችኋለሁ።"

"አንቺን አታለሉ እንጂ አንቺ መች አታለልሽ?" አለች ናዒማ። "ያንን ወስላታ ረምዚን ባገኘው በርበሬ አጥነው ነበር!"

ወርቅዬ ቀና ሳትል "ሴትዮዋ ዳኝነቱን ብትለቅ እኔ ምን ይመለስልኛል?" አለች።

ኻሊዳ ጥያቄውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ ጀላሉዲንን "ምን ይመለስላታል?" ብላ ጠየቀችው። ጀላሉዲን የጫት ገራባውን እየጠረገ "ሳምንቱን ሸጠውልሻል አይደል? የገዛሽው የትኛውም ቀን ይሁን፣ ያንቺ ነው። ትኬት ያለውን ሰው ከባቡር አውርጄ አላውቅም" አለ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው። ኻሊዳ ግን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀረች። አምና አርብ ዕለት ረምዚ ገዢዎች ጭኖ በረንዳዋ ፊት ያቆመው አውቶቡስ ትዝ አላት።

በማግሥቱ አራቱን ሴቶች ዞራ አገኘቻቸው። "ወረቀቱ ላይ ባለው የሳምንት ቁጥራችን እንወርዳለን። በኸምሲን፣ በዚያ በሚጋረፍ ንፋስ።"

"ሱቃችንን ዘግተን?" አለች ናዒማ።

"ዘግተን። ባለቤቶች አይደለንም እንዴ? ባለቤት ቤቱን ያያል። እንግዳ ከመጣም ያነጋግራል።"

ናዒማ ትንሽ አሰበችና ሳቋ ከሆዷ ወጣ። ወርቅዬ አልሳቀችም፤ ግን መጣች። ጀላሉዲንም አብሯቸው ወረደ።

ቶላ በሩን ከፈተላቸው። "አሁን ስማችሁ አለ" አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል። ንፋሱ አሸዋ እያነሳ ፊት ይገርፋል። ባሕሩ እንደ ሻይ ሞቋል። ኤሲው እኩለ ቀን ላይ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል፤ ግድግዳው ሲነካ ያቃጥላል። ናዒማ አንሶላ በውኃ ነክራ ተከናንባ "የሙሽራ መልኬ እንዴት ነው?" እያለች ከቤት ቤት ትዞራለች።

አርብ ረፋዱ ላይ አውቶቡሱ መጣ። ኤሲው እያንጎራጎረ የመጣ ትልቅ አውቶቡስ ነው። ባልና ሚስት ባልና ሚስት እየሆኑ ወረዱ፤ ረምዚ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። በረንዳው ላይ ኻሊዳን ሲያይ እግሩ ተሳሰረ።

"ግቡ!" አለች ኻሊዳ፣ በሶማልኛም በዓረብኛም በአማርኛም። "ኑ ቁጭ በሉ። ባለቤቷ እኔ ነኝ። ፎቶዬን ቢሮ አይታችሁ የለ?"

"አዎ፣ አዎ፣ እሷ ናት" አለች ከመጡት አንዷ፣ ደስ ብሏት። ገብተው ተቀመጡ። ወዲያው ላብ ያጠምቃቸው ጀመር።

"እማ ኻሊዳ፣ ፕሮግራማችን..." አለ ረምዚ።

"ፕሮግራምህ ይቆያል። እናንተ የትኛውን ሳምንት ነው የሚሰጧችሁ?"

አንድ ጎልማሳ ሰውዬ "የዐረፋን" አለ። "አሁን ሙቀት ነው፣ ኋላ ግን ወደ ብርዱ..."

"ይመጣል። ይሄው ነው ያለኝ።" ኻሊዳ ወደ ባሏ ዞረች። "ጀላል፣ ያን ቀን የጠየቅኸውን ጠይቀው። አሁን የሚስቅብህ የለም።"

ጀላሉዲን ከወንበሩ ተነሳ። እንደ ድሮው ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ልጄ፣ ሳምንቱ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው በፈረንጅ?"

ረምዚ ፈገግ ሊል ሞከረ። እጁ ወደ ደረቱ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

"መልስለት እንጂ!" አለች ናዒማ ከእርጥብ አንሶላዋ ውስጥ። "ምላስህንም በሳምንት ቆራርጠህ ሸጥከው?"

"በ... ዝርዝሩን ቢሮ እናስረዳለን።"

"በፈረንጅ ነው" አለች ኻሊዳ። ወደ እንግዶቹ ዞረች። "ዐረፋ ይሄዳል፣ እናንተ እዚህ እሳት ውስጥ ትቀራላችሁ። አምና እዚህ ተኝቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ለእነዚህ እህቶቼ በአፌ ሸጥኩላቸው። እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ሸጬ አላውቅም። ይሄ ልጅ ግን በስሜ ሸጠብኝ።"

ጎልማሳው ሰውዬ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ቦርሳዋን አነሳች። አንዷ "ታዲያ ምሳውስ?" ስትል ባሏ "ምሳው ነው የሚያስበላን፣ ተነሺ!" አላት። አንድ በአንድ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። አንድ ወጣትና ሙሽራው ብቻ ቆመው ባሕሩን እያዩ ይንሾካሾኩ ነበር። እነሱ ሳይገዙ አልቀሩም፤ ሰው ሁሉ አይድንም።

ወደ ማታ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። ወጥተው እንዲሄዱ ጠየቀ። ኻሊዳ "ሳምንቴ ነው" አለች። ፖሊስ እጠራለሁ አለ። "ጥራ። ወረቀቱን ለእነሱም አንብብላቸው፤ ባለቤት ናት ይላል።" ለእሷ ብቻ ገንዘቧን እመልሳለሁ አለ። "ለአምስታችን።" እንደዚያ አይሆንም ብሎ ሄደ። "ነገም አውቶቡስህን ላክ!" ብላ ጮኸችበት።

ቅዳሜ አውቶቡስ አልመጣም። በምትኩ ከሰዓት በኋላ ረምዚ ብቻውን መጣ፤ ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከበረንዳው ደረጃ በታች ቆመ።

"እማ ኻሊዳ" አለ፤ "እርስዎ"ው ቀርቷል። "ለአምስታችሁም ይመለስላችኋል ብለዋል። ዛሬውኑ ግን ውጡ። ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉ። ማሪኝ፣ እኔም ሥራዬ ነው።"

ኻሊዳ ቆማ አየችው። መጋላ ግቢ ውስጥ ኩርኩም እየቀመሰ ያደገ ልጅ ነው። አልራራችለትም።

"ገንዘቡ እጃችን ላይ ሲገባ እንወጣለን። እስከዚያ ሳምንቱ የእኛ ነው። ለአለቆችህ እንደዚህ በል፤ ዘንድሮ ባይመልሱ ከርሞም በቁጥራችን እንመጣለን፣ ከዚያም በኋላ። አያልቅም አይደል ያልከኝ? ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። አንተ ግን ገንዘቡን ብታመጣም በሱቄ አትለፍ። ያን ቀን በባሌ ያሳቅኸኝን ሳቅ የምትመልሰው በምንድን ነው?"

ረምዚ አንገቱን ደፍቶ በአሸዋው ላይ ተመለሰ።

ኻሊዳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፀሐዩ በረንዳው ላይ ዞሮ እግሯን እየጠበሰው ነበር። ወርቅዬ ከጎረቤቱ ቤት በውኃ የተሞላ ኩባያ ይዛ መጣች። ኩባያውን ሰጠቻትና ቆማ ባሕሩን አየች።

"እትዬ ኻሊዳ" አለች፣ "ወንበርሽን ወደ ጥላው ሳቢ። ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉ ብሏል፤ ድምፅሽ እንዳይዘጋብን።"